የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት እፍግታ ልኬት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ዝግጅት

በዚህ ሳምንት የተያዘው ሥራ በዝቃጭነት (ከመፍትሔ ውስጥ ጠጣር ሆኖ እንዲረጋ በማድረግ) የተዘጋጀ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄትን እፍግታ መለካት ነው። መጠነ ቁስን ለይዘት ማካፈል ማንም ተማሪ የሚያውቀው ስሌት ነው፤ ያለን ሚዛንም እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ድረስ ስለሚያነብ መጠነ ቁሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ይዘቱ ነው። ዱቄቱን በሲሊንደር ውስጥ ጨምረን ከፍታውን ብናነብ የምናገኘው ይዘት የጠጣሩ ቅንጣትና በቅንጣቶቹ መካከል የተቀመጠው አየር ድምር ነው። ሲሊንደሩን በጠረጴዛ ላይ መታ መታ ብናደርገው አየሩ በከፊል ይወጣና ይዘቱ ይቀንሳል፤ ዱቄቱ ግን ያው ነው። አየሩን በሙሉ አስወጥተን በፈሳሽ ብንተካው ደግሞ ሌላ ይዘት እናገኛለን።

ስለዚህ ከአንድ ጠርሙስ ዱቄት ሦስት እፍግታ ይወጣል። ዱቄቱ ሳይነካ እንደፈሰሰ የሚለካው ልቅ እፍግታ፣ ተመትቶ ከረጋ በኋላ የሚለካው ጥቅጥቅ እፍግታ፣ እና አየሩ ተቀንሶ የጠጣሩ ብቻ የሚለካው እውነተኛ እፍግታ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማሸግ፣ ለማጓጓዝና ማሽን ለመሙላት ይጠቅማሉ፤ ሦስተኛው ስለ ኬሚካሉ ማንነትና ንጽሕና ይናገራል። የትኛው እንደተለካ ያልተገለጸበት «የዱቄቱ እፍግታ ይህን ያህል ነው» የሚል ዘገባ ሲያጋጥመኝ ቁጥሩን አልጠቀምበትም። በዚህ ማስታወሻ ሦስቱም ይለካሉ፤ አብዛኛው ገጽ ግን ለእውነተኛው እፍግታ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ በቀላሉ የሚያታልለው እዚያ ላይ ነው።

ካልሲየም ካርቦኔትን የመረጥነው መልሱ አስቀድሞ በሚገባ የታወቀ ስለሆነ ነው። ካልሳይት የሚባለው የክሪስታል ዓይነቱ እፍግታ 2.71 ግራም በሚሊ ሊትር ሲሆን፣ አራጎናይት የሚባለው ደግሞ 2.93 ነው። ዘዴውን ለመፈተሽ የሚፈልግ ሰው መልሱን በማያውቀው ዱቄት ባይጀምር ይመረጣል። በተጨማሪም ይህ ኬሚካል በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ወደ 13 ሚሊ ግራም ብቻ ይሟሟል። በምንጠቀምበት 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ይህ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ስለሆነ ልኬቱን አይነካም።

ከሰዓት በኋላ ዱቄቱ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ፣ በሰፊ የመስታወት ሳሕን ላይ በስሱ ተዘርግቶ በ105 ዲግሪ ወደ ማድረቂያ ኦቨን ገባ። ከመግባቱ በፊት 25.0312 ግራም ነበር፤ በተከታታይ ሲመዘን ንባቡ እስኪቆም ድረስ ደርቆ 24.9137 ግራም ሆነ። የወጣው እርጥበት 0.47 በመቶ ያህል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ውኃው ሳይወጣ ቢቀር ከጠጣሩ ጋር አብሮ ተመዝኖ ይዘቱንም ይጨምር ስለነበር፣ 2.71 መሆን የሚገባውን ውጤት ወደ 2.69 ያወርደዋል። የደረቀው ዱቄት ሳሕኑ እንደሞቀ በቀጥታ ወደ ዴሲኬተር፣ ውስጡን ደረቅ አድርጎ ወደሚያቆይ ክድን ዕቃ፣ ተዛወረ። ትኩስ ዕቃ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ በዙሪያው የአየር ሞገድ ስለሚያስነሳ ንባቡን ያሳስታል፤ ክፍት አየር ላይ ማቀዝቀዝ ደግሞ የወጣውን እርጥበት መልሶ መጋበዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ማድረቅ ለሁሉም ዱቄት አይሆንም። ካልሲየም ካርቦኔት እስከ ብዙ መቶ ዲግሪ ድረስ ሳይፈርስ ይቆያል፤ በክሪስታላቸው ውስጥ ውኃ የያዙ ጨዎች ግን በማድረቂያ ውስጥ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣሉ። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት አምስት የውኃ ሞለኪውሎችን እንደያዘ እፍግታው 2.29 ያህል ሲሆን፣ ውኃው በሙሉ ሲወጣለት ነጭ ሆኖ 3.6 ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ዱቄት በኦቨን ያደረቀ ሰው የሚለካው የተቀበለውን ኬሚካል ሳይሆን ኦቨኑ የሠራውን ነው።

ማክሰኞ፣ ልቅና ጥቅጥቅ እፍግታ

የዛሬው ሥራ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወጥነት ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚለካ የመስታወት ሲሊንደር በሚዛን ላይ ተቀምጦ ዜሮ ከተደረገ በኋላ፣ በተመሳሳይ መንገድ የደረቀ 100.0 ግራም ዱቄት በፈነል ቀስ ተብሎ ተለቀቀበት። ዱቄቱ ሲወርድ ሲሊንደሩ መነካት የለበትም፤ ጠረጴዛውን በክርን መግፋት እንኳ ከፍታውን ይለውጠዋል። የላይኛው ገጽ ወጣ ገባ ስለነበር በስፓቱላ ጫፍ ሳይጫን ተስተካከለ። ንባቡ 182 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ልቅ እፍግታው 0.549 ግራም በሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ በመምቻው ማሽን ላይ ተተከለ። ማሽኑ ሲሊንደሩን 3 ሚሊ ሜትር እያነሣ በደቂቃ 250 ጊዜ ይጥለዋል። ከ10 ምት በኋላ ይዘቱ 170፣ ከ500 ምት በኋላ 131፣ ከ1250 ምት በኋላ 127 ሚሊ ሊትር ሆነ። በመድኃኒት ቤተ ሙከራዎች በሚሠራበት ደንብ መሠረት በ500ኛውና በ1250ኛው ምት መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሊትር ከበለጠ መምታቱ መቀጠል አለበት፤ እዚህ ልዩነቱ 4 ስለሆነ ተጨማሪ 1250 ምት ተሰጠውና 126 ላይ ቆመ። ጥቅጥቅ እፍግታው 0.794 ሆኖ ተመዘገበ።

ማሽን በሌለበት ሲሊንደሩን በእጅ አንሥቶ በወፍራም ላስቲክ ላይ መጣል ይቻላል፤ ነገር ግን የእጅ ምት ከሰው ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታም ይለያያል። በእጅ የተገኘ ቁጥር ለንጽጽር የሚያገለግለው በዚያው እጅ በዚያው ቀን ከተለካ ሌላ ዱቄት ጋር ብቻ ይመስለኛል።

ከሁለቱ ንባቦች የካር ኢንዴክስ የሚባለው የዱቄት ፍሰት መለኪያ ይወጣል፤ የይዘቱ ቅናሽ ለመጀመሪያው ይዘት ተካፍሎ በመቶኛ ሲገለጽ 30.8 በመቶ ነው። ሁለቱን ይዘቶች በማካፈል የሚገኘው የሃውስነር ምጥጥን ደግሞ 1.44 ሆኗል። ሁለቱም ዱቄቱ በደካማ ፍሰት ምድብ እንደሚገኝ ያሳያሉ፤ በፈነሉ አንገት ላይ እየተጋገረ በተደጋጋሚ መቆሙን ላየ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ቁጥሮቹን ከካልሳይት 2.71 ጋር ስናስተያያቸው ነው። በልቅ ክምሩ ውስጥ ከይዘቱ 80 በመቶው አየር ነው። ከዚያ ሁሉ ምት በኋላ እንኳ 71 በመቶው አየር ሆኖ ቀርቷል። እኩል መጠን ያላቸው ለስላሳ ሉሎች እንደ ነገሩ ተከምረው ሲነቀነቁ ከይዘቱ 36 በመቶ ያህሉን ብቻ ባዶ ይተዋሉ። የእኛ ዱቄት ከዚህ እጥፍ የሚጠጋ ባዶ ቦታ የያዘው ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ነው። በዚህ መጠን ላይ በቅንጣቶች መካከል ያለው የመሳሳብ ኃይል ከክብደታቸው ስለሚበልጥ፣ አንዱ ቅንጣት ሌላውን በነካበት ነጥብ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ተንሸራትቶ ወደ ባዶው ቦታ አይወርድም። ይህ ሁሉ የታሠረ አየር ነገ ዋናው ባላጋራችን ይሆናል።

ረቡዕ፣ ፒክኖሜትር በውኃ

ፒክኖሜትር ማለት የመስታወት ክዳኑ መሐል ለመሐል ቀጭን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ በፈሳሽ ተሞልቶ ክዳኑ ሲገባ ትርፉ በቀዳዳው በኩል ወጥቶ በጨርቅ ይጠረጋል፤ በዚህም ጠርሙሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይዘት ይይዛል። ዘዴው በአራት ምዘና ላይ ይቆማል፤ ባዶው ጠርሙስ (ሀ)፣ ጠርሙሱ ከዱቄቱ ጋር (ለ)፣ ጠርሙሱ ከዱቄቱና ቀሪውን ቦታ ከሞላው ፈሳሽ ጋር (ሐ)፣ ጠርሙሱ በፈሳሽ ብቻ ተሞልቶ (መ)። የፈሳሹን እፍግታ «ፈ» ብንለው ስሌቱ እንዲህ ነው፦

የዱቄቱ እፍግታ = (ለ − ሀ) × ፈ ÷ [(መ − ሀ) − (ሐ − ለ)]

በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ዱቄቱ ቦታ በመያዙ ምክንያት ወደ ጠርሙሱ ሳይገባ የቀረው ፈሳሽ ክብደት ነው። የዘዴው ጥንካሬም ድክመትም እዚህ ቅንፍ ውስጥ ነው ያለው፤ ምክንያቱም ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው አንድ ትንሽ ቁጥር ይተዋሉ፤ በትልልቆቹ ላይ የማይታይ ስሕተት በትንሹ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ጠዋት የጠርሙሱ ትክክለኛ ይዘት ተለካ። በጠርሙሱ ላይ የታተመው 50 ሚሊ ሊትር ስም ብቻ ነው፤ የሚታመነው በውኃ ተመዝኖ የተገኘው ነው። ዲስቲልድ ውኃው የሟሟበት አየር እንዲወጣለት አስቀድሞ ፈልቶ፣ ተከድኖ ቀዝቅዟል። ባዶውና የደረቀው ጠርሙስ ከነክዳኑ 28.4162 ግራም መዘነ። በውኃ ተሞልቶ፣ ሙቀቱ በ25.0 ዲግሪ በሚጠበቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ውጪው ተወልውሎ ሲመዘን 78.3107 ግራም ሆነ። ውኃ በ25 ዲግሪ 0.99705 ግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ የጠርሙሱ ይዘት 50.042 ሚሊ ሊትር ነው።

ጠርሙሱን በሚወለውሉበት ጊዜ በመዳፍ መጨበጥ አይገባም። የእጅ ሙቀት በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ስለሚያሰፋው በክዳኑ ቀዳዳ አናት ላይ ጠብታ ብቅ ትላለች፤ ያቺን ጠብታ መጥረግ ማለት መመዘን የነበረበትን ፈሳሽ ማስወገድ ነው። አንገቱን በሁለት ጣት በወረቀት ይዞ መሥራት ይሻላል።

ከዚያ ዱቄቱ ገባ። 10.0385 ግራም ዱቄት በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ተጨምሮ ውኃ በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ቀስ ብሎ ተንቆረቆረ። በዚህ ጊዜ የታየው ነገር በቅርበት ሊነገር ይገባዋል። ውኃው ወደ ዱቄቱ ወዲያው አልገባም፤ ብዙ ጊዜ ዝናብ ባልነካው ብናኝ አፈር ላይ የመጀመሪያው ጠብታ አቧራ ለብሶ እንደሚንከባለል ሁሉ፣ የውኃው ፊት ዱቄቱን ገፍቶ ከላይ ቆመ። የዱቄቱ አንድ ክፍል በደረቅ ቅርፊት ተሸፍኖ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ቅርፊቱ ተሰባብሮ ሰመጠ፤ ውኃውም ወተት መሰለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲታይ ምንም የሚንሳፈፍ ነገር አልነበረም፤ በግድግዳውም ላይ አረፋ አይታይም። ለዓይን ሥራው ያለቀ ይመስላል።

አየሩን በፓምፕ ማስወጣት ሆን ተብሎ ለነገ ተትቷል፤ ዓላማው ያለሱ የሚገኘው ቁጥር ምን እንደሚመስል ማየት ነው። ጠርሙሱ ተሞልቶ፣ በገንዳው ቆይቶ ሲመዘን 84.3371 ግራም ሆነ። ዱቄቱ ቦታ የያዘበት ውኃ 4.0121 ግራም፣ ይዘቱም 4.0240 ሚሊ ሊትር ነው። ውጤቱ 2.49 ግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። በሌላ ጠርሙስና በሌላ የዱቄት መጠን ተደግሞ አንዱ 2.48፣ ሌላው 2.50 ሰጠ።

እነዚህን ቁጥሮች ስሙን በማያውቁት ዱቄት ላይ ያገኘ ሰው ይረካ ነበር። ተቀራራቢ ናቸው፤ አማካያቸው ይወሰዳል፤ የስሕተት ክልሉ 0.01 ተብሎ ይጻፋል፤ ሥራው ያልቃል። እውነታው ግን ሁሉም ከትክክለኛው ቁጥር በ8 በመቶ ያህል ያነሱ መሆናቸው ነው። በዱቄት ሥራ ላይ ደጋግሜ የማስተውለው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የተደጋገመ ውጤት ማለት ትክክለኛ ውጤት ማለት አይደለም። የሚዛን ስሕተት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚጥል ልኬትን በመደጋገም ይገለጣል፤ የታሠረ አየር ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ታች ብቻ ይጎትታል። ያው ዱቄት በያው መንገድ ሲረጥብ ያንኑ ያህል አየር ስለሚይዝ ንባቦቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ የሚስማሙት ግን በስሕተቱ ላይ ነው። የዱቄቱን መጠን መለወጥም አያጋልጠውም፤ ዱቄቱ በጨመረ ቁጥር የታሠረው አየርም በዚያው ልክ ይጨምራልና። ሊያጋልጠው የሚችለው አንድም አየሩን በኃይል ማስወጣት፣ አንድም ፈሳሹን መለወጥ ነው።

ጠርሙሱ ዱቄቱ እስኪረጋ ድረስ ሌሊቱን በገንዳው ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ።

ሐሙስ፣ አየሩን ማስወጣት

ጠዋት ዱቄቱ ከታች ረግቶ ከላይ ያለው ውኃ ጠርቷል። ከጠራው ላይ በፒፔት አንድ ሦስተኛው ያህል ተቀነሰ፤ ፓምፑ ሲሠራ ፈሳሹ የሚዘልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ጠርሙሱ ያለ ክዳን ወፍራም ግድግዳ ባለው የቫኪዩም ዴሲኬተር (አየሩ በፓምፕ የሚመጠጥ ዕቃ) ውስጥ ተቀመጠና ፓምፑ ተከፈተ።

ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ ትናንት ለዓይን ያልታየው ሁሉ ብቅ አለ። ከረጋው ዱቄት ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ የአረፋ መስመር ተነሣ፤ ቀጥሎ የዱቄቱ አልጋ በየቦታው እየተሰነጠቀ ትልልቅ አረፋዎች ወጡ። ጠርሙሱ እየተነቀነቀ ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀጠለ። ግፊቱን በአንድ ጊዜ መጣል አይገባም፤ አየሩ በፍጥነት ሲሰፋ ዱቄቱን ከጠርሙሱ አፍ አውጥቶ ይረጨዋል፤ ተመዝኖ የገባ ዱቄት ከወጣ ደግሞ ልኬቱ በዚያው ያበቃል። ሌላው ወሰን የፈሳሹ የመፍላት ግፊት ነው። ውኃ በ25 ዲግሪ ግፊቱ ወደ 3.2 ኪሎ ፓስካል ሲወርድ ይፈላል፤ እዚያ ከተደረሰ በኋላ የሚታየው አረፋ የውኃ እንፋሎት እንጂ የታሠረ አየር አይደለም።

አየሩ አልቆ እንደሆነ ለማወቅ የምንጠቀምበት መፈተኛ የአረፋው መቆም ብቻ አይደለም። ቫኪዩሙ ሲለቀቅና የውጭው አየር ተመልሶ ሲገባ የፈሳሹን ከፍታ በጠርሙሱ አንገት ላይ ማየት ነው። ፈሳሽም ጠጣርም በዚህ ግፊት አይጨመቁም፤ ከፍታው ዝቅ ካለ የተጨመቀው በውስጡ የቀረ አየር ነው። በመጀመሪያው ልቀቃ ከፍታው በግልጽ ወረደ፤ ፓምፑ ደጋግሞ ከሠራ በኋላ ግን ሳይነቃነቅ ቀረ።

ጠርሙሱ እንደገና ተሞልቶ፣ ሙቀቱ ተስተካክሎ ሲመዘን 84.6352 ግራም ሆነ። ከትናንቱ በ0.2981 ግራም ጨምሯል፤ 0.3 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ አየር ወጥቶ ውኃ ተተክቶበታል ማለት ነው። እፍግታው 2.69 ሆነ። መንገዱ ትክክል ነው፤ ገና ግን አልደረስንም።

ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ተለወጠ። የውኃ የገጽ ውጥረት (የፈሳሹን ገጽ እንዳይሰፋ ሰብስቦ የሚይዘው ኃይል) በአንድ ሜትር 72 ሚሊ ኒውተን ያህል ሲሆን የኢታኖል ወደ 22 ነው፤ ስለዚህ ኢታኖል በቅንጣቶች መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት በቀላሉ ይሰርጋል። ልዩነቱ ሲጨመር ወዲያው ታየ፤ ዱቄቱ ሳይንሳፈፍ፣ ቅርፊት ሳይሠራ ፈሳሹን ጠጥቶ ጠቆር አለ። ካልሲየም ካርቦኔትም በኢታኖል ውስጥ አይሟሟም። በጠርሙሱ ላይ 96 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ኢታኖል እፍግታ ከሠንጠረዥ አልተወሰደም፤ ኢታኖል ከአየር ውኃ ስለሚስብ ከተከፈተ የቆየ ጠርሙስ ከተጻፈበት ጋር ላይስማማ ይችላል። በያው ፒክኖሜትር ተሞልቶ ሲመዘን 68.5750 ግራም ስለሆነ፣ የባዶው ጠርሙስ ክብደት ተቀንሶ ለ50.042 ሚሊ ሊትር ሲካፈል በ25.0 ዲግሪ 0.8025 ሆነ።

አዲስ የደረቀ 12.0214 ግራም ዱቄት ገባ፤ ኢታኖል እስከ ግማሽ ተጨመረ፤ በቫኪዩም ውስጥ አየሩ ተለቀቀ። ኢታኖል በ25 ዲግሪ የሚፈላው በ8 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ ግፊቱ ከውኃው ቀደም ብሎ መገታት ነበረበት። እንፋሎቱ ስለሚቀጣጠል ፓምፑ በጭስ ማውጫ ካቢኔ ውስጥ ሠርቷል፤ በአካባቢው ክፍት እሳት አልነበረም። ጠርሙሱ ተሞልቶ፣ የተበተነው ዱቄት ከረጋ በኋላ ክዳኑ ገባ። ሳይረጋ ክዳኑን የሚያስገባ ሰው በቀዳዳው አናት ላይ ነጣ ያለች ጠብታ ያያል፤ ያቺ ጠብታ ዱቄት ይዛ እየወጣች ነው።

ንባቡ 77.0339 ግራም። ዱቄቱ ቦታ የያዘበት ኢታኖል 3.5625 ግራም፣ ይዘቱ 4.4392 ሚሊ ሊትር፣ እፍግታው 2.708።

ዓርብ፣ ድግግሞሽና ማረም

በኢታኖል የተደገሙት ልኬቶች 2.703 እና 2.711 ሆነው ከትናንቱ 2.708 ጋር አማካያቸው 2.707 ነው፤ መበተናቸውም 0.004 ያህል ነው። ዛሬ የቀረው ይህን ቁጥር ምን ያህል ማመን እንደሚገባ መመርመር ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ። ኢታኖል ዱቄቱን የሚያረጥብበት መንገድ ከውኃ ቢሻልም ለሙቀት ያለው ስሜት እጅግ የበዛ ነው። በፈሳሽ ብቻ የተሞላው ጠርሙስ በ25 ዲግሪ ተመዝኖ፣ ዱቄት ያለበት በ26 ዲግሪ ቢመዘን፣ በውኃ ልኬቱ 0.3 በመቶ ያህል ሲዛባ በኢታኖል ግን 1.1 በመቶ ያህል ይዛባል። የአንድ ዲግሪ ልዩነት 2.71ን ወደ 2.68 ያወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ ኢታኖልን የመረጠ ሰው የውኃ ገንዳውን ሙቀት ቢያንስ በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ውስጥ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ያለ ገንዳ ለሌለው ቤተ ሙከራ የእኔ ምክር ውኃን ይዞ ቫኪዩሙን ማራዘም ነው፤ ጥቂት ጠብታ ማርጠቢያ ኬሚካል የተጨመረበት ውኃ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል፤ እርግጥ «መ» የሚባለውም ምዘና በዚያው በተቀላቀለው ውኃ መሠራት ይኖርበታል።

ሁለተኛው የቀረ አየር ነው። 4.44 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ዱቄት ውስጥ 0.05 ሚሊ ሊትር አየር ቢቀር ውጤቱ ከ1 በመቶ በላይ ይወርዳል። ይህ አየር በአንድ ላይ ቢሰበሰብ ዲያሜትሩ 4.6 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ ስለሚሆን ማንም ያየዋል፤ በእልፍ ጥቃቅን ክፍተቶች ተበትኖ ሲቀመጥ ግን ማንም አያየውም። በውኃ የተገኘው 2.69 እና በኢታኖል የተገኘው 2.707 መለያየታቸውን የምተረጉመው በዚህ ነው፤ በውኃው ውስጥ ወደ 0.02 ሚሊ ሊትር የሚሆን አየር ሳይወጣ ቀርቷል።

ሦስተኛው የአየር ግፊያ ነው። የሚመዘነው ሁሉ አየር ውስጥ ተጠልቆ ስለሚመዘን በይዘቱ ልክ ክብደቱ ጥቂት ይቀንሳል። የአየር እፍግታ 0.0012 ተወስዶ ስሌቱ ሲታረም 2.708 የነበረው 2.706 ይሆናል። እርማቱ ከመበተኑ ያነሰ ስለሆነ ውጤቱን አይለውጥም፤ ይሁን እንጂ መሠራቱ በዘገባው ላይ ተጽፏል። የሚዛኑ አራተኛ አሐዝ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ አጠገብ ሲታይ ምንም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጀማሪዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚጨነቁት በእሱ ነው።

ውጤቱ ዱቄቱ ካልሳይት መሆኑን ይደግፋል፤ 2.93 ከሆነው አራጎናይት በግልጽ የራቀ ነው። ሆኖም እፍግታ ብቻውን የክሪስታሉን ዓይነት አያረጋግጥም፤ ማረጋገጥ ካስፈለገ የኤክስሬይ ምርመራ ነው የሚሻለው። በቅንጣቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ባዶ ቦታ ቢኖር ፈሳሽ ስለማይደርስበት እንደ ጠጣር ይቆጠራል፤ ይህን ፒክኖሜትር ሊለየው አይችልም።

በሂሊየም የሚሠራ ጋዝ ፒክኖሜትር ያለው ሰው ከማርጠብ ጣጣ በሙሉ ይተርፋል። ሂሊየም አተሙ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ጠባብ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፤ በቅንጣቶቹ ገጽ ላይም እምብዛም አይጣበቅም። መሣሪያው ጋዙን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ለቅቆ የግፊቱን ለውጥ በማንበብ፣ ሮበርት ቦይል በ1662 ባሳተመው የግፊትና የይዘት ሕግ መሠረት የዱቄቱን ይዘት ያሰላል። እዚያም ቢሆን ዱቄቱ በደንብ መድረቅ አለበት፤ የሚወጣ እንፋሎት ግፊቱን ስለሚያዛባ እርጥብ ዱቄት የማይረጋ ንባብ ይሰጣል።

ወደ ጠርሙሱ መለያ ወረቀት የተላለፈው እንዲህ ይነበባል፦ ካልሲየም ካርቦኔት፣ በዝቃጭነት የተዘጋጀ፣ በ105 ዲግሪ የደረቀ። ልቅ እፍግታ 0.55፣ ጥቅጥቅ እፍግታ 0.79 (3 ሚሊ ሜትር ውድቀት፣ በድምሩ 2500 ምት)፣ እውነተኛ እፍግታ 2.71 (ፒክኖሜትር፣ ኢታኖል፣ 25.0 ዲግሪ፣ አየሩ በቫኪዩም የወጣለት)። ሁሉም በግራም በሚሊ ሊትር። ቅንፎቹ ቢወጡ ቁጥሮቹን ሌላ ሰው ሊደግማቸው አይችልም።

ፒክኖሜትሮቹ ኢታኖሉ በዲስቲልድ ውኃ ከታጠበላቸው በኋላ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተለቀለቁ። በክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ የቀረው ነጭ ዱቄት እየተንጨረጨረ ሟሟ፤ በብሩሽ የማይደረስበት ቦታ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ማጽጃ የለውም። ለሚቀጥለው ሳምንት የተመደበው የገበታ ጨው፣ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በውኃ ስለሚሟሟ፣ 96 በመቶ በሆነው ኢታኖል ውስጥ ያለው ውኃም ጥቂት ስለሚያሟሟው፣ ፈሳሹ ጨውን የማያሟሟው ሄፕቴን ይሆናል፤ እፍግታውም እንደ ኢታኖሉ ሁሉ በያው ጠርሙስ ቀድሞ ይለካል። የሚጠበቀው ቁጥር 2.165 ነው።